አስሮ መቀለብ፣ ለቆ ማርባት ወይስ ኬጅ? ድሬና ሐረር ያላችሁ ምከሩኝ

የሳቢያን ልጅ — ዓርብ ማታ 2፡10

ሰላም ጀመዓ። ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

የምኖረው ድሬ፣ ሳቢያን ነው። ግቢዬ ጠባብ ናት። አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ የውኃ ሮቶ፣ አለቀ። እናቴ ግን ደንገጎ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ሦስት ጥማድ መሬት አላት። እኩሌታው ጫት ነው፣ እኩሌታው ማሽላ። ታናሽ ወንድሜም እዚያው ከእሷ ጋር ነው።

ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። ባንክ ከሚተኛ እንስሳ ላይ ይዋል ብዬ ወሰንኩ። ከወሰንኩ ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለኝም፣ መካሪ በዛ። አጎቴ «አንድ በሬ ገዝተህ እሰር፣ ሌላው ወሬ ነው» ይላል። የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ፎቅ የተደረደረ የዶሮ ኬጅ፣ የሽቦ ሳጥን ማለት ነው፣ በስልኩ እያሳየ ያቀልጠኛል። የባለቤቴ ዘመዶች ሽንሌ በኩል ግመል አላቸው። «አንዲት ግመል ግዛና ከኛ መንጋ ትቀላቀል» ብለዋል። እናቴ ደግሞ የፈረንጅ ላም ነው የምትፈልገው። ወተት መግዛት ሰልችቷታል።

የገባኝ ነገር ክርክሩ ስለ እንስሳው ብቻ አይደለም። አንዱ እሰር ይላል፣ አንዱ ልቀቅ፣ አንዱ ደርድር። ሞክራችሁ ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ። ዩቲዩብማ እኔም አለኝ።

የከዚራ ፍየል — ዓርብ ማታ 2፡24

ለምን ትጨነቃለህ አቦ። ከዚራ ያለችዋን ፍየል አስጠናት። ጠዋት ማንም ሳይነዳት ትወጣለች። ቀን ገረባ፣ የተጣለ የጫት ቅጠል፣ ትለቅማለች፣ ካርቶን ትበላለች፣ ባጃጅ ታስቆማለች። ማታ በሯን በቀንዷ ገፍታ ትገባለች። ባለቤቷ አምስት ሳንቲም አላወጣም። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት አረባብ አለ?

ደንገጎ ዳገት — ዓርብ ማታ 3፡05

ዋሪያ፣ አጎትህ ልክ ነው።

አባቴ ሰንጋ ሳያስር የዋለበትን ዓመት አላስታውስም። አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ሲያርስ የከረመ ወይ ከቆላ የመጣ ከሲታ በሬ ይገዛል። ሲገዛ ሥጋውን አያይም። አጥንቱን ነው የሚያየው። ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ቆዳው ሲጨብጡት ልል የሚል፣ ጥርሱ ያላለቀ። «ሥጋውን እኛ እንሞላዋለን» ይላል።

ከዚያ ከቤቱ ጎን ጥላ ሥር ችካል ይተክልና ያስረዋል። በቃ፣ በሬው እስኪሸጥ ግጦሽ አያይም። የቱን ግጦሽ ያያል? እኛ ጋ ከማሳ የተረፈው ገደል ነው።

ቀለቡ ከማሽላው ይመጣል። ከተሜው ይሄን አያውቅም። የኛ ገበሬ ማሽላ አብዝቶ የሚዘራው ሙያ አጥቶ አይደለም። አውቆ ያበዛዋል። ሲያድግ እየነቀለ ያሳሳዋል፣ የተነቀለው የሰንጋው ነው። ክረምቱ በዚህ ያልፋል። መስከረም ላይ የታች የታቹን ቅጠል ይሸለቅቃል። ኅዳር ማሽላው ሲታጨድ አገዳው ይከመራል። መሀል ላይ የስኳር ድንች ሐረግ አለ። ፍጉን ደግሞ ጫቱ ይወስዳል።

አሁን አመጋገቡን ልንገርህ። አባቴ ሱብሒ ሰግዶ ይወጣና በሬው ፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ቅጠሉን ሁለት ሦስቴ ያጥፈዋል፣ ጨው ነካ ያደርገዋል፣ በእጁ በሬው አፍ ውስጥ ይከተዋል። በሬው ሲያላምጥ እሱ ቀጣዩን ያጥፋል። በሬው ፊቱን ሲያዞርበት ቆም ይላል፣ ግንባሩን ያክለታል፣ ደግሞ ይጀምራል። ጉርሻ ነው በቃ። ግርግም ውስጥ ብትጥልለት ለስላሳውን መርጦ ይበላል፣ ሌላውን ይረግጠዋል። በእጅ ሲሆን አንዲት ቅጠል አትባክንም።

ማታ ግን ውጭ አይደርም። ቤት ይገባል። የሐረርጌን ጅብ ታውቀዋለህ፣ ችካልና ገመድ ለሱ የተዘጋጀ ሳህን ነው።

ከሸገር — ዓርብ ማታ 3፡40

ጤና ይስጥልኝ። እኔም የምለው አለኝ። ከላይ የተጻፈው ለትዝታ ደስ ይላል። ለሥራ ግን አይሆንዎትም።

ናዝሬት ከብት ማድለቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ። ወጣት የቦረና ወይፈን በመቶ ይገባል። ፋጉሎና ፉርሽካ ከጭድ ጋር እየበላ በሦስት በአራት ወር ውስጥ ለውጭ ገበያ ይወጣል። በቀን ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ይጨምራል። ጥቂት ሠራተኛ ብዙ ከብት ይይዛል። እዚህ ግን አንድ ሰው አንድ በሬ እያጎረሰ ወራት ይቀመጣል። የጉልበቱ ዋጋ የታሰበ አይመስለኝም። እርስዎ አምስት ወይፈን ገዝተው፣ መኖ እየገዙ ቢያዞሩት ይሻላል።

የከዚራ ፍየል — ዓርብ ማታ 3፡43

«እርስዎ» አለው! ወላሂ ድሬ ላይ አባቴንም አንተ ነው የምለው። እርስዎ የሚባለው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው፣ እሱም መንጃ ፈቃድ ከያዘብህ።

ደንገጎ ዳገት — ዓርብ ማታ 4፡15

@ከሸገር፣ አልጣላህም ወንድም። ናዝሬት ዙሪያው ዘይት መጭመቂያና ዱቄት ፋብሪካ ነው። ፋጉሎና ፉርሽካው ከደጃፍ ይነሣል። ደንገጎ የሚደርሰው በጆንያ ተጭኖ ነው፣ ዋጋውም አብሮ ዳገት ይወጣል። አምስት ወይፈን አስሮ የመኖ ዋጋ መሀል ላይ ሲወደድበት በኪሳራ የሸጠ ሰው እዚሁ ሰፈሬ አለ።

የአባቴ ጉልበት አልታሰበም ላልከው፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ማን ይቀጥረዋል? የማሽላው ነቀላ ደግሞ ሰንጋ ኖረ አልኖረ የሚሠራ ሥራ ነው።

በሬዎቹም አንድ አይደሉም። የናንተው ወጣት ነው፣ ቀይ ሥጋ፣ ለዓረብ ገበያ። የኛው ጮማ ነው። አዲስ አበባ በሩ ላይ «የሐረር ሰንጋ» ብሎ የለጠፈው ሥጋ ቤት የሚሸጠው የአባቴን ጉርሻ ነው።

አራተኛ ነኝ — ቅዳሜ ጠዋት 2፡30

እኔ ስለ ላሙ ልበል፣ እናትህ ስላነሣችው።

ሐረር ላይ አራት ዲቃላ ላሞች ነበሩኝ። አሁን ሁለት ናቸው። ለምን ብትል፣ ዋናው ውኃ ነው። ሰው ላም ወተት የምትሠራው ከሳር ይመስለዋል። ለአንድ ሊትር ወተት ከ3 እስከ 5 ሊትር ውኃ ትጠጣለች። 12 ሊትር የምትታለብ ብትኖርህ እስከ 60 ሊትር በቀን ያዝ፣ እጥበቱ ሳይቆጠር። የሐረማያ ሐይቅ ያኔ ከደረቀ ወዲህ የሐረር ሰው ውኃን እንዴት እንደሚያያት ታውቃለህ። ዛሬ ቧንቧችን ላይ በብዛት የሚመጣው ከድሬ በኩል፣ ከሀሰሊሶ፣ ዳገት ተገፍቶ የሚወጣው ነው። ሦስት ቀን ሲጠፋ እኛ በጀሪካን ገዝተን እንኖራለን። ላም ግን በጀሪካን አትጠግብም።

ድሬ ላይማ የፈረንጅ ላም እንዳታስብ። ከ25 ዲግሪ አለፍ ሲል መብላት ትቀንሳለች፣ ወተቷም አብሮ ይወርዳል። ቀትር ላይ ምላሷን አውጥታ ስታለከልክ ማየት ራሱ ያስጨንቃል። ደንገጎ ነፋሻ ነው፣ ይመቻታል።

ሌላው ማዳቀሉ ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በ21 ቀን አንዴ ነው፣ ቆይታውም አጭር ነው። ጠዋት ስትጮህ ካየሃት ማታ ትዳቀላለች፣ ማታ ካየሃት በማግስቱ ጠዋት። የኔዋ ጥቁር አንድ ጊዜ ቅዳሜ ማታ ፈለገች። አዳቃዩ ሰኞ ረፋድ መጣ። እሱ ሰኞ የሥራ ቀኑ ነው፣ ላሚቱ ግን ካላንደር የላትም። ሦስት ጊዜ እንዲህ አመለጠኝ። ሁለት ወር ያለ ጽንስ ቀለብኳት።

የቢራ አተላ የሚያገኝ ሰው ዕድለኛ ነው፣ ወተት ከፍ ያደርጋል። ሳይሻግት በቶሎ መጨረስ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ። እናትህ ስንት ዓመቷ ነው? ማታ ማን ያልባል?

የሳቢያን ልጅ — ቅዳሜ ጠዋት 4፡00

ማን ያልባል ያልሽው ላይ ያዝሽኝ እህቴ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ጠንካራ ናት፣ ጉልበቷን ግን ያማታል። ወንድሜ ጠዋት አንበሳ ነው። ጫቱን ይለቅማል፣ ያስራል፣ ወደ አወዳይ ይጭናል። ከምሳ በኋላ ግን በርጫ ላይ ነው፣ ጫት ሲቅም ይውላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትጠሪው «መጣሁ» ይላል። ሁለት ሰዓት ላይም «መጣሁ» ይላል።

አራተኛ ነኝ — ቅዳሜ ጠዋት 4፡12

እንግዲያው ላሙን ተወው። ላም በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሰዓቱ፣ ዓርብ የለ ዒድ የለ ትታለባለች። ግቷ ሞልቶ ካደረ የጡት በሽታ ተከትሎ ይመጣል። የኔ ሦስተኛዋ የተሸጠችው በዚሁ ነው። በርጫና ላም አንድ ግቢ ውስጥ አይኖሩም።

የከዚራ ፍየል — ቅዳሜ ጠዋት 4፡15

ላሟንም በርጫ ጥሯት። ገረባውን ትጨርስላችኋለች።

መልካ ጀብዱ — ቅዳሜ ቀን 7፡20

ግመሉን ማንም አላነሣውም። አጎቶቼ ዛሬም ግመል ያረባሉ፣ እኔ ከተማ የቀረሁ ነኝ።

ይሄ «ለቆ ማርባት» የምትሉት ነገር ልቅ አይደለም። ዝናብ የት እንደጣለ ይጠየቃል፣ ዱሮ በሰው፣ አሁን በስልክ። ጉድጓዱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። የምትታለበዋ ከሰፈሩ አጠገብ ትቀራለች። ያልወለደችውና ወንዱ ከጎረምሶቹ ጋር ርቀው ይሄዳሉ። ከረን ሲጥል፣ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ነው፣ ሜዳው ላይ ይበተናሉ። ጅላል፣ በጋው፣ ሲደርቅ ወደ ጉድጓዱ ይሰበሰባሉ። ፍየልና በግ ቶሎ ይጠማሉ፣ ግመል ሳምንትም አልፎ ትችላለች። ስለዚህ አንድ ላይ አይነዱም። ሰባት ዓመቱ ልጅ ይሄን ሒሳብ ያውቃል። እኔ ባለ ዲግሪው አላውቀውም።

ግመል 13 ወር ታረግዛለች። በሁለት ዓመት አንድ ግልገል ካገኘህ አልሐምዱሊላህ በል። ግልገሉ ከሞተ ወተቱም ይቆማል። እናቲቱ ልጇን ሳታሸት አትሰጥም። ጠዋት ጠዋት በጭስ የታጠነውን ወተት ይዘው ድሬ የሚገቡትን እናቶች ስታይ ከጀርባ ያለውን ልፋት አስብ።

አባቴ እስከ ዛሬ የሚያነሣው በ2000 እ.ኤ.አ. የሆነውን ነው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲና የመን ገባ ተባለ። ሳዑዲ ከኛ አካባቢ የሚሄደውን እንስሳ ዘጋች። አባቴ ጥቁር ራስ በጎች ለገበያ አዘጋጅቶ ነበር። እህል መግዣ ሲያጣ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ሸጠ። ሜዳ ላይ ያደገ እንስሳ ወጪ የለውም የሚል ሰው ይሄን አልቆጠረም።

አሁን ደግሞ ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ አለ። ፍየል ፍሬውን ትበላለች፣ ዘሩ ከበጠጧ ጋር ወጥቶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። የሳሩን ቦታ እሾህ ያዘው።

ስለዚህ ብር ሰጥተህ «ግመል አለችኝ» ማለት ትችላለህ። ግን ምልክቷን አታውቅም፣ ስሟን አታውቅም። ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሞተው ሁልጊዜ የከተማው ሰው ግመል ናት። (የባለቤትህ ዘመዶች ይሄን እንዳያነቡት።)

ቄብ በ45 — ቅዳሜ ማታ 1፡50

ዶሮውን ለኔ ተዉልኝ። ያማል፣ ግን ልንገርህ።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ሲጀመር እኔም ተነሣሁ። 200 የ45 ቀን ቄቦች ገዛሁ። ገንደ ቆሬ፣ ከቤቴ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ለድሬ ሙቀት ብዬ ሁለት ማራገቢያ ሰቀልኩ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። 11 ሰዓት ላይ መጥቼ በሩን ልከፍት ስል ድምፅ የለም። 200 ዶሮ ያለበት ቤት ጸጥ ሲል አስበው። አፋቸውን ከፍተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። 64 ሞቱብኝ። የቀሩትን ውኃ እየነከርኩ አመሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያውን ከላይ ኖራ ቀባሁት፣ ከሥር ሰሌን ዘረጋሁበት። ግድግዳውን ከወገብ በላይ በወንፊት ሽቦ ቀየርኩት። በካሬ ሜትር 8 የነበሩትን 5 አደረግኳቸው። የበላች ዶሮ ሰውነቷ ይሞቃል፣ ስለዚህ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ መኖውን አነሣለሁ፣ ፀሐይ ስትበርድ እመልሳለሁ። ውኃው ጥላ ሥር ነው። አዲስ የምትሠራ ከሆነ የቤቱን ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርገው። እኔ ተገላቢጦሽ ሠርቼ ፀሐዩ ጠዋትም ማታም ይገባብኛል።

ኬጁን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር ጥቅም አለው። እንቁላሉ ንጹሕ ነው፣ ኩሱ ከሥር ይወርዳል፣ መኖ አይባክንም። ግን ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ ወለል ላይ ያለችዋ ገለባውን ጭራ ትተኛለች፣ ወደ ነፋሱ ትሄዳለች። ኬጅ ውስጥ ያለችዋ የት ትሂድ? ጄኔሬተር የሌለው ሰው ኬጅ አይግዛ። አውሮፓ ህብረት ያንን ባዶ የሽቦ ኬጅ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሎታል። ጓደኛህ «ዘመናዊ» እያለ የሚያሳይህ እሱን ነው።

መኖውንም ቁጠር። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን እስከ 120 ግራም ትበላለች። ለ100 ዶሮ ኩንታል መኖ ስምንት ቀን ነው። መጣል የምትጀምረው በአራት አምስት ወሯ ነው፣ እስከዚያ በነፃ ትቀልባታለህ።

የሀበሻ ዶሮ ለቀህ ብታረባ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትሰጥሃለች። ብዙ አይደለም። ግን መኖ ቤት ደጅ አትቆምም። ከጭልፊት ጋር ነው የምትጣላው።

ሐኪም በእረፍት — እሑድ ጠዋት 3፡10

ልጆች፣ ደህና ብላችኋል። ሐረርጌ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ እንስሳ ሳክም ኖርኩ። አንዳንድ ነገር ላርም።

ደንገጎ ስለ ማሽላው ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ዋናውን ግን ዘለለው። ለጋ ማሽላ መርዝ አለው። በተለይ ዝናብ ተቋርጦበት የቆረቆዘው፣ ደግሞም ከታጨደ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው። ሳያናይድ ነው። በሬ በልቶ ሳይጨርስ ሲወድቅ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን አትስጡት። መስጠት ግድ ከሆነ ነቅላችሁ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት።

ሸክሙንም ገምት። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 7 ኪሎ ግድም ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለምለም ማሽላ አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ከ30 ኪሎ በላይ ለምለም ያስፈልጋል፣ በየቀኑ። ጠዋት አንበሳ የሆነ ወንድም ለዚህ ይበቃል።

ችግሩ በጋ ነው። የማሽላ አገዳ ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም። በዩሪያ ማከም ይቻላል። ለ100 ኪሎ አገዳ ወይም ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውኃ ይሟሟል፣ አገዳው ተከታትፎ በደረጃ እየተረጨ ይጠቀጠቃል፣ በላስቲክ ታፍኖ 21 ቀን ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ሽታው እስኪወጣ አናፍሱት። ዩሪያን እንዲሁ በትኖ ያበላ ሰው በሬውን ይቀብራል፣ እንደ ጨው እንዳትመለከቱት።

የባቢሌ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ጥሩ መኖ ነው። እርጥበት ነክቶት የሻገተውን ግን ርካሽ ነው ብለህ አትግዛ። የሻጋታው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ከላሟ ወደ ወተቱም ያልፋል። ገረባም እንዲሁ ነው። ጫቱ ላይ መድኃኒት ከተረጨ ገረባው ላይ አለ።

ወደ በሽታው ስመጣ አረባቡ በሽታውን ይመርጣል። ብቻውን የታሰረ በሬ ከጎረቤት ብዙ አይጋባበትም። አደጋው የተገዛበት ቀን ነው። ገበያ ላይ አፍተግር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቤት ሌላ ከብት ካለ ሁለት ሦስት ሳምንት ለይተህ እሰረው። ተፋፍገው የሚኖሩ ዶሮዎች ላይ ፈንግል ከገባ የሚተርፍ ጥቂት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ሙቀት የሚችለውም አለ። በውኃ የሚሰጠውን በቧንቧ ውኃ አትበጥብጡ፣ ክሎሪኑ ይገድለዋል።

መንጋ ይዞ የሚዞር ሰው በሽታ ያዞራል እያልን ብዙ ዘመን ስንወቅሰው ኖርን። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን አገሪቱን ያራቆታት «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። አፋር በረሃ ውስጥ ክትባቱን እየዞሩ የወጉት ከአርብቶ አደሩ መሀል የሠለጠኑ ልጆች ነበሩ። እኔ መኪናዬ በማይገባበት እነሱ በእግር ገቡ።

አንድ የቀረኝ የከዚራዋ ፍየል ናት። አንዷን ለዓረፋ አርደው «ና እስቲ ይሄን እይ» ብለው ጠሩኝ። ጨጓራዋ ሲከፈት ፌስታል ነው። ጥቁሩ ከሰማያዊው ጋር እንደ ገመድ ተገምዶ፣ መሀሉ ላይ የመስፊያ ክር ተጠምጥሞበት፣ ሁለት እጅ ሙሉ። ከውጭ ሲያዩዋት የሰፈሩ ወፍራም ፍየል ነበረች።

የከዚራ ፍየል — እሑድ ጠዋት 3፡18

ዶክተር፣ ስሜን ልቀይር ነው።

ደንገጎ ዳገት — እሑድ ጠዋት 3፡50

ዶክተር ልክ ነህ፣ ዘልዬዋለሁ። አባቴ የተነቀለውን ድንጋይ ካብ ላይ ዘርግቶ ሳያደርቅ አይሰጥም ነበር። ለምን ስንለው «ጥሬው ይነፋዋል» ይል ነበር። መርዝ መሆኑን ዛሬ ከአንተ ሰማሁ።

ከሸገር — እሑድ ቀን 6፡30

ዶክተር እናመሰግናለን። ለጠያቂው፣ አንድ በሬ ከሆነ የሚይዙት ሃሳቤን አነሣለሁ። የኔ ሒሳብ ከአሥር በላይ ለሚያስር ሰው ነው። ግን መጨረሻው ሁለት ወር ላይ ፋጉሎና ፉርሽካ ጨምሩበት። ለአንድ በሬ ሁለት ሦስት ጆንያ አያከስርዎትም።

የሳቢያን ልጅ — ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡40

ጀመዓ፣ ጠፋሁ አይደል።

ላሙ ቀረ። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈች። «ማታ እኔ አልባለሁ» ብላ ነበር፣ ጉልበቷን ይዛ ስትነሣ ራሷ ሳቀች። ግመሉም ቀረ፣ ለባለቤቴ ዘመዶች «ለጊዜው» ብያለሁ። የኬጁ ልጅ አሁንም ቪዲዮ ይልክልኛል። ድሬ፣ ከኒሙ ሥር ስድስት የሀበሻ ዶሮ ለቅቄያለሁ፣ አንዷን ጭልፊት ወስዷታል።

በሬው ተገዛ። ሐረማያ ገበያ እናቴን ይዤ ሄድኩ። እኔ አንድ ወፍራሙን መረጥኩ። እሷ «ይሄማ ሌላ ሰው ያደለበው ነው፣ ምን እንጨምርለታለን» ብላ ጎድኑ የሚቆጠር አንድ ቀይ ጋ ወሰደችኝ። ደላላው በሷ ተናደደ።

ወንድሜ ጠዋት ማሽላውን ነቅሎ ካቡ ላይ ይዘረጋል። ከምሳ በኋላ የሱ ጉዳይ አያገባንም። እናቴ ደግሞ ዓሥር ሰዓት ላይ በርጩማዋን ይዛ በሬው ፊት ትቀመጣለች። ቁጭ ብላ የምትሠራው ሥራ ስለሆነ ጉልበቷን አልነካውም። ባለፈው እሑድ ስሄድ ጉርሻ እየሰጠችው የጎረቤት ሐሜት ትነግረዋለች። እኔን ዞር ብላ አላየችኝም።

አራተኛ ነኝ — ማክሰኞ ማታ 2፡52

ማሻአላህ። ጥርሱን አይታችኋል?

የሳቢያን ልጅ — ማክሰኞ ማታ 2፡55

እሷ አይታለች። «አራት ሳምንት ስጠኝ» ብላለች።

ደንገጎ ዳገት — ማክሰኞ ማታ 2፡57

ፎቶ ላክ አቦ!

የሳቢያን ልጅ — ማክሰኞ ማታ 3፡01

ከልክላኛለች። ዓይን ይገባዋል አለች። ትናንት የወተት ነጋዴዋ በአጥር ብታየው ሦስት ቀን መንገድ ዳር እንዳይታሰር ተወስኗል።